ትኬት ቆርጠሽ የገባሽበት ገዳም

ይድረስ ለውድ እህቴ፣
በርሊን

እንደምን ከረምሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ አልፎ አልፎ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላ የማወራው ሕመም የለም። ልጆች ሳለን ደብዳቤ ስንጽፍ «ሰላምታዬ እንደ ባሕር አሸዋ፣ እንደ ሰማይ ኮከብ ይብዛልሽ» እያልን ግማሹን ገጽ እንጨርስ ነበር። እሱን ሁሉ እንዳልኩሽ ቁጠሪውና ወደ ጉዳዬ ልግባ። ማን ቀድሞ ጠፋ፣ ማን ሳይደውል ቀረ የሚለውንም እንተወው። ተቀምጠን ሒሳብ የምንተሳሰብበት ዕድሜ ላይ አይደለንም።

የምጽፍልሽ ስለ ፊልም ነው። አዎ፣ ስለ ፊልም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ምሽቱ አልገፋ ብሎኛል። ተከታታይ ድራማው ሰለቸኝ፤ የቱርኩም የሀገር ቤቱም። ልጄ አሮጌ ላፕቶፗን ትታልኝ ነበርና ኢንተርኔቱ ደህና በሆነ ቁጥር የዩክሬን ዘጋቢ ፊልሞች እየፈለግሁ ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ የምከፍተው የጦርነቱን ነበር። በ2024 ኦስካር ያገኘውን «20 ቀናት በማሪዮፖል» የተባለውን ግን ከግማሽ በላይ መግፋት አቃተኝ። (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ፤ አንቺ መቼም የኛን አቆጣጠር ረስተሽዋል።) ከዚያ ስለ ገጠሩ፣ ስለ ሠዓሊዎቹና ስለ እምነታቸው የተሠሩትን አገኘሁና እዚያው ቀረሁ። ባየሁ ቁጥር ፊቴ ድቅን የምትይው አንቺ ነሽ።

ምክንያቱ ኪየቭ ተማሪ ሳለሽ ያመጣሽው ያ ወሬሽ ነው። ለእረፍት መጥተሽ እናትሽ ቤት ቡና ስንጠጣ ስለ ዋሻው ገዳም፣ ስለ ላቭራ አወራሽን። «ትኬት ቆርጬ ገባሁ» አልሽ። በሩ ላይ ጫማሽን ልታወልቂ ስትይ ጠባቂዋ ሴትዮ እንዴት እንደሳቀችብሽ ነገርሽን። እናትሽ አማተቡ። አንቺ ግን «እዚያ ሀገር እግዜር መስታወት ሳጥን ውስጥ ነው ያለው» ብለሽ ደመደምሽ። ያኔ እኛም የቀበሌ ስብሰባ ሆን ተብሎ እሁድ ጠዋት የሚጠራበት ዘመን ላይ ስለነበርን ማንም አልተከራከረሽም። ገዳሙ በ1926 ሙዚየም የተደረገ ነው። የተወሰነው ክፍል ለመነኮሳት የተመለሰው በ1988፣ አንቺ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ከወጣሽ በኋላ ነው።

እኔ አሁን ልከራከርሽ ነው። ዘግይቷል፣ አውቃለሁ።

መጀመሪያ ግን ያንቺን ወገን ማስረጃ ራሴው ላቅርብልሽ። ጂጋ ቬርቶቭ በ1930 ስለ ዶንባስ የድንጋይ ከሰል ማውጫዎች የሠራው ፊልም አለ፤ «የዶንባስ ሲምፎኒ» ይሉታል። የእሱ የመጀመሪያው ድምፅ ያለው ፊልም ነው። ቻርሊ ቻፕሊን ሳይቀር አድንቆታል። መጀመሪያው ላይ አሮጊቶች የስቅለቱን እግር ሲሳለሙ ታያለሽ። ቀጥሎ ሰካራሞች ይመጣሉ። አሮጊቶቹና ሰካራሞቹ እየተፈራረቁ ይታያሉ፤ ሁለቱ አንድ ናቸው ለማለት ነው። ከዚያ ሕዝቡ ይወጣል፣ መስቀሉ ከጉልላቱ ላይ ይወርዳል፣ ሥዕሎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ይወጣሉ፣ ሕንፃው የሠራተኞች ክበብ ይሆናል። ካሜራው ደስ ብሎታል። ሰውዬው እጁ ያስቀናል፣ አልክድም። ድምፅና ምስል እንዲህ አድርጎ የሚያጋጭ ዛሬም ብዙ የለም። እኔን ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ካሜራው ወደ ፋብሪካው ሲሄድ እነዚያ አሮጊቶች የት ገቡ? ፊልሙ አይመለስባቸውም። ብዙ ሳይቆይ፣ በ1932 እና በ1933፣ ያ ሁሉ ሚሊዮን ሕዝብ ያለቀበት ረሃብ በገጠሩ ላይ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያየኋቸውን ፊልሞች ሁሉ ያየሁት ያቺን ጥያቄ ይዤ ነው ብል አላጋነንኩም።

መልሱ ያገኘኝ በካርፓቲያን ተራሮች፣ የሁትሱል ሰዎች በሚኖሩባት ክሪቮሪቭኒያ በምትባል መንደር ነው። ፊልም ሠሪው ፓራጃኖቭ ስሙን የተከለበትን የ1960ዎቹን ፊልም የቀረጸው በዚያው አካባቢ ነው፤ እሱን ግን ሁሉም ያወራለታል። እኔ የምነግርሽ ስለ ፓራስካ ፕሊትካ-ሆሪትስቪት ነው። የተወለደችው በ1927 ነው፤ የአንጥረኛ ልጅ። ጦርነቱ ሲያልቅ «ሶቪየትን ለሚወጉት ሽፍቶች ስንቅ አቀብለሻል» ተብላ ታሰረች። የሥራ ካምፕ አሥር ዓመት ፈረዱባት። በ1954 ስትመለስ እግሯን ብርድ ጎድቶት ነበር። አላገባች፣ አልወለደች። አንዲት ትንሽ የእንጨት ቤት ውስጥ ብቻዋን ኖረች። የመንደሩ ሰው ትንሽ ነካ ያደርጋታል ይል ነበር መሰለኝ፤ ልጆቹ ግን ተረት ታነብላቸው ስለነበር ከቤቷ አይጠፉም።

በዚያች ቤት ምን ትሠራ እንደነበር ልንገርሽ። ቅዱሳንን ትሥላለች። መጽሐፍ በእጇ ትጽፋለች፣ ሥዕል ታስገባበታለች፣ ራሷ ትደጉሳለች። ከመንደሯ ብዙም ሳትርቅ ስለ ህንድ ልብ ወለድ ጽፋለች! ከሁሉ በላይ ደግሞ ፎቶ ታነሣለች። ሙሽሮች፣ ቀብር፣ በረዶ ላይ የቆሙ ሕፃናት፣ ጥልፍ ልብሳቸውን የለበሱ ሽማግሌዎች። በ1998 ሞተች። በ2015 ቤቷ ውስጥ የተቀመጡት ኔጌቲቮች ተገኙ፤ በሺህ የሚቆጠሩ። ማክሲም ሩደንኮ «ሥዕለ ገጽ ከተራሮች ፊት» ብዬ የምተረጉምልሽን ፊልም በ2019 ሠራላት፤ በዚያው ዓመት ኪየቭ ውስጥ ትልቅ ኤግዚቢሽን ተከፈተላት።

ፎቶዎቹን ስታዪ የሚገርምሽ ሰዎቹ አለመፍራታቸው ነው። ቀጥ ብለው ሌንሱን ያዩታል። አንዳንዶቹ ፈገግ ሊሉ ሲሉ የተያዙ ናቸው። መንግሥት የሚያስነሣው ፎቶ ላይ ገበሬው ሁልጊዜ ከአድማሱ ባሻገር ነው የሚያየው፤ ያንን ዓይነት ፎቶ አንቺም እኔም ጠግበነዋል። እዚህ ግን የሚያዩት ጎረቤታቸውን ነው። ፓራስካን።

ያቺ መንደር በገናዋም የታወቀች ናት። ወንዶቹ በባህላዊ ልብስ፣ ትንንሽ መጥረቢያ ይዘው፣ ረጅሙን የእንጨት መለከት እየነፉ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑን ይዞራሉ። ከዚያ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ እስከ ጥምቀት ድረስ ይዘምራሉ። በሶቪየት ጊዜ ክልክል ነበር። ይኸውልሽ፣ አልጠፋም። ገናቸው ከኛው ጋር በአንድ ቀን፣ ታኅሣሥ 29 ይውል እንደነበር አንቺ ትነግሪኝ ነበር። በ2023 ወደ ዲሴምበር 25 አዙረውታል፤ ከሞስኮ ጋር በአንድ ቀን ላለማክበር። ልክ ናቸው አይደሉም አልልም፣ የነሱ ጉዳይ ነው። ብቻ ትንሽ ከፋኝ። በዚያ ቀን እነሱም እያከበሩ ነው ብዬ ማሰብ ለምዶብኝ ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ደቡብ ልውሰድሽ፣ ወደ ኬርሶን አካባቢ። ኦሌሽኪ የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ፖሊና ራይኮ የምትባል ሴት ነበረች። ስለ እሷም ፊልም ተሠርቷል። ሴት ልጇን የመኪና አደጋ ገደለባት። ባሏ ሞተ። ወንዱ ልጇም ብዙ አስቸገራት። በ69 ዓመቷ፣ በሕይወቷ ብሩሽ ይዛ የማታውቅ ሴት፣ ተነሥታ ቤቷን መሣል ጀመረች። ሸራ የለ፣ ወረቀት የለ። ግድግዳውን፣ ጣራውን፣ በሩን። ቀለሙ እኛ የግቢ በር የምንቀባው ዘይት ቀለም ነው፤ ርካሹ። ከጡረታዋ ነበር የምትገዛው። በኔ ጡረታ ሽንኩርትና ዘይት ከተገዛ በኋላ ምን እንደሚተርፍ ስለማውቅ እዚህ ላይ ፊልሙን አቁሜ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ርግቦች አሉ። መላእክት አሉ፤ ፊታቸው የጎረቤት ፊት ነው። አበባው ከወለል እስከ ጣራ ይወጣል። ቅዱሳኑና ቤተሰቧ አንድ ግድግዳ ላይ ናቸው፣ ማን ከማን እንደሚበልጥ አይታወቅም። መነጽር አድርጎ የሚተነትን ሰው ብዙ ይል ይሆናል። እኔ ያየሁት አንዲት ሴት ባዶ ቤቷን ሰው ስትሞላው ነው። በ2004 ሞተች። ሥዕሎቹ ተረፉ። በጁን 2023 የካኾቭካ ግድብ ሲፈርስ ግን ውኃው ከተማዋ ውስጥ ገባ፤ ቤቱም ሰጠመ። ውኃው ሲወርድ ብዙው ሥዕል ከግድግዳው ተላቅቆ ወድቆ ነበር። ከተማዋ በሩሲያ ጦር እጅ ስለነበረች ሄዶ የሚጠግን አልነበረም። ፊልሙና ፎቶዎቹ ከውኃው በፊት ባይነሡ ኖሮ ስለዚያ ቤት የምናወራው በወሬ ወሬ ነበር።

ስለ ሠዓሊ የሚሠራ ፊልም አብዛኛው አሰልቺ ነው፣ ይሄን ደግሞ ልንገርሽ። ቫዮሊን ያለቅሳል፣ ድሮን ይበርራል፣ አንድ ምሁር ወንበር ላይ ተቀምጦ «ልዩ ክስተት ናት» ይላል። የዩክሬኖቹም ከዚህ ነጻ አይደሉም። ጥሩዎቹን የምትለዪው ዝም በሚሉበት ጊዜ ነው። ኦስታፕ ኮስትዩክ የካርፓቲያን እረኞችን የቀረጸበት «ሕያው እሳት» የሚባል ፊልም አለ። ሦስት ትውልድ ነው፤ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ጎልማሳ፣ አንድ ገና ተማሪ የሆነ ልጅ። በጎቹን ይዘው ለበጋው ተራራ ይወጣሉ። እዚያ ያለው ደንብ እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን እሳት በክብሪት አይለኩሱም። እንጨት ከእንጨት ተፋትጎ ነው የሚወጣው። ያ እሳት መንጋው እስኪወርድ ድረስ መጥፋት የለበትም። ወተቱ ትልቅ ድስት ውስጥ ይረጋል፤ እረኛው እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ አይቡን ከታች ቀስ እያለ ይሰበስበዋል። አይቸኩልም። በጨርቅ ቋጥሮ ይሰቅለዋል፤ አጓቱ ጠብ ጠብ ይላል፤ ጎጆው በጭስ ተሞልቷል። እኔ ያንን ጭስ አሸተትኩት ብልሽ ታምኚኛለሽ? ስለ እምነት የሚሰብክ ማንም የለም። እሳቱን ግን ሌሊት ተነሥተው ያዩታል።

አሮጊቶቹ የት ገቡ ላልኩሽ፣ ለኔ መልሱ ይሄው ነው። እንደ ተዳፈነ ፍም ቤት ውስጥ ነበሩ። ላዩ አመድ ነው።

አሁን ደግሞ ትንሽ ልሳቅ። ናዲያ ፓርፋን በ2019 የሠራችው አንድ ፊልም አለ፤ ስለ ኢቫኖ-ፍራንኪቭስክ ከተማ የማሞቂያ ድርጅት። ዶርማችሁ ውስጥ ራዲያተሩ እንደ ምድጃ ሲግል «በበረዶ መሃል መስኮት ከፍተን ነው የምንተኛው» ትዪ አልነበር? እሱን የሚያሞቁት ሰዎች ናቸው። ድርጅቱ የሠራተኞች መዘምራን ቡድን አለው። ስልክ ተቀባይዋ ቀኑን ሙሉ «ቤቴ ቀዘቀዘ» የሚል ሰው ስድብ ትሰማለች። ቧንቧ ይፈነዳል፣ ጭቃ ውስጥ ገብተው ይበይዳሉ። ሥራ ሲያልቅ ጥልፍ ሸሚዛቸውን ለብሰው ይሰለፉና የሀገራቸውን ዘፈን በአራት ድምፅ ይዘምራሉ። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ከማንም በላይ ተጨንቋል። የኛን የመሥሪያ ቤት ኪነት ቡድን አስታወሰኝ፤ ልዩነቱ እነዚህ መዝፈን ይችላሉ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ቆየት ብዬ ግን ሳስበው፣ ቧንቧው አርጅቶ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ማሞቂያ እየገጠመ ነው፤ ድርጅቱ እየሞተ ነው። መዘምራኑም አብረው።

የሮማን ቦንዳርቹክንም «የዩክሬን ሸሪፎች» እዪው፣ የ2015 ነው። ስታራ ዝቡሪቭካ ወደተባለች ገጠር ፖሊስ በቀላሉ አይመጣምና ከንቲባው ሁለት የመንደር ሰዎችን ጠባቂ አድርጎ ይሾማል። ዶሮ የተሰረቀበት፣ ሚስቱን የደበደበ፣ ሰክሮ የወደቀ፤ የኛ ሽማግሌዎች የሚዳኙት ዓይነት ነገር ነው። ደስ ይላል። በ2022 መንደሯ ተያዘች፤ ከንቲባውን የሩሲያ ወታደሮች ወስደው ለሳምንታት አሠቃዩት። ይህን ካወቅሽ በኋላ ፊልሙ እንደ ድሮው አያስቅም።

አንድ ፊልም ልኬልሽ እንድታዪው አልደፍርም፤ የቼርኖቢሉን። ቮሎዲሚር ሼቭቼንኮ በ1986 እዚያው ገብቶ የቀረጸው። ምስሉ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ይበርቃል፤ ፊልሙ የተበላሸ መስሏቸው ነበር። ጨረሩ ነው። እሱም በዓመቱ ሞተ። አንቺ ያን ጊዜ ኪየቭ ነበርሽ። የሜይ ዴይ ሰልፍ እንደ ወትሮው ተካሂዶ፣ ከዚያ መንገዱን ሁሉ በውኃ መኪና ማጠብ ሲጀምሩ ግራ እንደገባችሁ አንዴ ነግረሽኛል። ከዚያ ወዲያ አላነሣሽውም፤ እኔም አላነሣሁብሽም።

እሱን ትተሽ ይሄን ፈልጊ። ሰርሂ ቡኮቭስኪ በ2020 ስለ ቫለንቲን ሲልቬስትሮቭ የሠራውን። ኪየቭ የተወለደ የሙዚቃ ደራሲ ነው፣ የ1937 ልጅ። ፒያኖው ላይ ጎንበስ ብሎ እንደሚያንሾካሹክ ነው የሚጫወተው። ለመዘምራን የጻፋቸው ጸሎቶች አሉት፤ በኪየቭ አደባባይ በተካሄደው የማይዳን ተቃውሞ ጊዜም «ጸሎት ለዩክሬን» የሚለውን ጻፈ። በማርች 2022 የእጅ ጽሑፎቹን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ከልጁና ከልጅ ልጁ ጋር ተሰደደ። የት እንደመጣ ታውቂያለሽ? በርሊን። አንቺ ከተማ። ምናልባት ዩ-ባን፣ ያ የምድር ውስጥ ባቡራችሁ ውስጥ አጠገብሽ ተቀምጦ ይሆናል፤ አንቺ ደግሞ ስልክሽን ስትነካኪ።

እና አሁን ወደ ክርክራችን። የዶርም ጓደኛሽ አንድ በጋ እናቷ ቤት ገጠር ወስዳሽ ነበር፤ ታስታውሻለሽ። ወተቱን፣ ቼሪውን፣ እናቲቱ ፀጉርሽን ልንካው ማለታቸውን ሁሉ ነግረሽኛል። የላክሽልኝ ደብዳቤ ላይ «ከተኛሁበት አልጋ በላይ፣ ጥግ ላይ፣ በጣም የሚያምር ጥልፍ ፎጣ ሰቅለዋል፤ ለኔ ክብር ይመስለኛል» ብለሽ ጽፈሻል። ደብዳቤው አሁንም እኔ ጋ አለ። እነዚህን ፊልሞች ባየሁ ቁጥር የገጠር ቤት ውስጥ ያንን ፎጣ አገኘዋለሁ። ጥግ ላይ ነው የሚሰቀለው። የሚሰቀለውም ለሥዕለ አድኅኖ ነው፤ ሥዕሉን ከላይና ከጎን አቅፎ እንዲይዘው። እንግዳ የሚያስተኙትም ክብር ሲሰጡት እዚያው አቅራቢያ ይሆናል፣ እሱን አላውቅም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ከፎጣው መሃል ሥዕል ነበረ ወይስ አልነበረም? ነበረ ካልሽ እግዜር ትኬት የሚቆረጥበት ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው ያለው ያልሽው ወሬ ፈረሰ፤ ያን በጋ ከሥሩ ነው የተኛሽው። አልነበረም ካልሽ ደግሞ ማን እንዳነሣው፣ ፎጣውን ለምን እንደተዉት ልጠይቅሽ ነው። እዚያ ቤት በር ላይ ከእናቲቱ ጋር የተነሣሽውን ፎቶ አሳይተሽኝ ነበር፤ የቤቱን ውስጥ ያነሣሽውም እንደነበረ ነግረሽኛል። አልበሙ በርሊን መሆን አለበት፣ እናትሽ ቤት ፈልጌ አጥቻለሁ። ፈልጊና ጥጉን አጉልተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። ቁጥሬ አልተለወጠም።

የሲልቬስትሮቭን ኮንሰርት ካገኘሽም ብቻሽን አትሂጂ፣ ትልቋን ልጅሽን ውሰጃት። ለእሷ ሳሚልኝ። ለባለቤትሽም ሰላም በይልኝ።

እህትሽ ነኝ፣
ከአዲስ አበባ